ሳይቃጠል በቅጠል

በአፋር ምድር፣ ግመል ነጂዎች አሞሌ ጨው ለመጫን በሚወርዱበት በደናክል ረባዳ ስፍራ ዳርቻ፣ አንድ አስገራሚ ድንጋይ ይገኛል። ድንጋዩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ሰው እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይታዩታል። እነዚህን ጉድጓዶች ሰው አልቀረጻቸውም፤ ከመቶ ሺህ ዓመታት በፊት በባሕር ውስጥ ይኖሩ የነበሩ፣ ኮራል የተባሉ እንስሳት ቤቶች ናቸው። በዚያ ዘመን የቀይ ባሕር ውሃ ዛሬ ምድረ በዳ ወደ ሆነው ወደዚህ ስፍራ ገብቶ ነበር። ከጊዜ በኋላ መግቢያው ተዘጋ፤ ውሃው በፀሐይ ኃይል ተነነ፤ ጨው ቀረ። ኮራሎቹም ሞቱ፤ ቤታቸው ግን ድንጋይ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አለ።

ስለ ባሕር ሀብት ጥበቃ በተነሣ ቁጥር፣ «የባሕር በር የሌለን እኛ ስለ ኮራል ምን አገባን?» የሚል ጥያቄ ይሰማል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ያሻዋል። እኔ በበኩሌ የማምንበትን አስቀድሜ ልግለጽ። የቀይ ባሕር ኮራሎች፣ በተለይም የሰሜኑ፣ በዓለም ላይ ካሉት ኮራሎች ሁሉ ለመትረፍ የተሻለ ተስፋ ካላቸው መካከል ናቸው። ስለሆነም ዝርያዎቻቸው ሳይመናመኑ ከወዲሁ ሊጠበቁ ይገባል። ጥበቃውም የባሕር ዳርቻ ነዋሪዎች ብቻ ሳይሆን በባሕሩ የሚጠቀም ሁሉ ግዴታ ነው። ለዚህ አቋሜ ያሉኝን ምክንያቶች አንድ በአንድ አቀርባለሁ፤ እናንተም አንብባችሁ መዝኑ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

በመጀመሪያ ኮራል ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ብዙ ሰው ኮራልን እንደ ድንጋይ ወይም እንደ ተክል ይቆጥረዋል። ኮራል ግን እንስሳ ነው። በአብዛኞቹ ዝርያዎች ፖሊፕ የሚባለው አንዱ እንስሳ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ፣ አፉ በጥቃቅን እጆች የተከበበ ለስላሳ ፍጥረት ነው። በሰውነቱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። አልጌዎቹ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃሉ፤ ካዘጋጁትም ከፍ ያለውን ድርሻ ለፖሊፑ ይሰጣሉ። ፖሊፑም በበኩሉ መጠለያ ይሆናቸዋል። የኮራል ቀለም አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከእነዚህ አልጌዎች ነው። ፖሊፑ ከባሕሩ ውሃ ንጥረ ነገሮችን እየወሰደ ከበታቹ የበሃ ድንጋይ ቤት ይሠራል። አንዱ ሲሞት ሌላው በላዩ ይሠራል፤ እንዲህ እየተደራረበ በሺህ ዓመታት ውስጥ የኮራል አለት ይቆማል።

ይህ ሥራ እጅግ ዝግተኛ ነው። ክብ ቅርጽ ያላቸው ትልልቅ ኮራሎች በዓመት የሚያድጉት ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ዛሬ የሰው ቁመት የሚያህል ኮራል ቢገኝ፣ ማደግ የጀመረው በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን አካባቢ ነው ማለት ነው። ከአንድ ጀልባ የተጣለ መልሕቅ ግን ይህንኑ ኮራል በአንድ ደቂቃ ሊሰብረው ይችላል። ለመሥራት መቶ ስድሳ ዓመት የፈጀን ነገር ለማፍረስ አንድ ደቂቃ ከበቃ፣ ፈርሶ ከማደስ ይልቅ ሳይፈርስ መጠበቅ እንደሚሻል ለማንም ግልጽ ነው።

የኮራል አለቶች ከዓለም የባሕር ወለል የሚሸፍኑት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ሆኖም ከባሕር ፍጥረታት ዝርያዎች አንድ አራተኛ የሚሆኑት በሕይወታቸው አንድ ወቅት በእነርሱ ይጠለላሉ። ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው፣ ጫጩቱን የሚያሳድገው፣ ከጠላቱ የሚሸሸገው በዚያ ነው። አለቶቹ ከጥልቁ ባሕር የሚመጣውን ማዕበል ኃይሉን ሰብረው ስለሚያሳልፉት፣ ከኋላቸው ያሉ ከተሞችና መንደሮች ከጎርፍ ይድናሉ። የኤርትራዋ ምጽዋና የሱዳኗ ሱዋኪን ጥንታዊ ቤቶች የተሠሩት ከኮራል ድንጋይ ነው። በቀይ ባሕር ዳር ለሚኖረው ሕዝብ ኮራል የዓሣው ማጀት፣ የወደቡ አጥር፣ የቤቱም ግድግዳ ሆኖ ኖሯል።

ቀይ ባሕር ከሌሎች ባሕሮች የሚለይበት ጠባይ አለው። ርዝመቱ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ዓመቱን ሙሉ እየፈሰሰ የሚገባበት ወንዝ የለም። የእኛው አዋሽ እንኳ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ብዙ ተጉዞ በአፋር ሐይቆች ይቀራል። ወንዝ ባለመኖሩ አፈርና ደለል ውሃውን አያደፈርሰውም፤ ብርሃን ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ብርሃን ባለበትም ኮራል ይለመልማል። በዚህም ምክንያት በቀይ ባሕር ከ300 በላይ የጠንካራ ኮራል ዝርያዎችና ከ1,000 በላይ የዓሣ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከዓሣዎቹ መካከል በርካቶቹ በሌላ ባሕር ፈጽሞ አይገኙም። አንዱ ኮራል እንደ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ሌላው እንደ ገበታ ይዘረጋል፤ ሌላው እንደ ድንጋይ ክምር ይከብዳል።

ምናልባት ከእናንተ መካከል፣ «ይህ ሁሉ ዝርያ ለምን ያስፈልጋል? ጥቂት ጠንካራ ዝርያዎች ቢተርፉ አይበቃምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠን በካሪቢያን ባሕር የምትገኘው የጃማይካ ደሴት የደረሰባት ነገር ነው። ኮራል ብርሃንን ለማግኘት ከባሕር አረም ጋር ዘወትር ይሻማል። አረሙን እየጋጡ ኮራሉን የሚያድኑት አንዳንድ የዓሣ ዓይነቶችና የባሕር ጃርት የተባለው እሾሃማ እንስሳ ናቸው። በጃማይካ አረም በል የሆኑት ዓሦች ከልክ በላይ በመጠመዳቸው አስቀድመው ተመናምነው ነበር። የኮራሉ አለት ግን ለዓይን ያማረ ሆኖ ቆየ፤ ምክንያቱም የዓሦቹን ሥራ የባሕር ጃርቱ ብቻውን ይሠራ ነበር። ጉድለቱን ያስተዋለው ሰው ጥቂት ነበር።

ከዚያም በ1983 የባሕር ጃርቱን የሚገድል በሽታ በካሪቢያን ባሕር ገባ፤ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥም ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆነውን ፈጀ። ሥራውን የሚተካ ሌላ ዝርያ በበቂ ቁጥር አልነበረም። አረሙ አለቱን ወረሰው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከባሕሩ ወለል ግማሽ ያህሉን ሸፍኖ ይገኝ የነበረው የጃማይካ ሕያው ኮራል፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከመቶ አምስት እጅ በታች ወረደ። በ1980 ደሴቲቱን የመታው ከባድ አውሎ ነፋስም ለጉዳቱ የራሱን ድርሻ አበርክቶ ነበር። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት የነበሩ ኮራሎች ብዙ አውሎ ነፋስ ተቋቁመው አልፈዋል፤ በዚህ ጊዜ ያጡት የሚያገግሙበትን ኃይል ነው።

ከዚህ የምንማረው ምንድር ነው? የዝርያ ብዛት ጌጥ ሳይሆን ስንቅ መሆኑን ነው። ቀኑ መልካም በሆነ ጊዜ አንዱ ዝርያ የሌላውን ሥራ ደርቦ ስለሚሠራ፣ የጠፋው ዝርያ ጉዳቱ አይታወቅም። ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ጉድለቱ ይገለጣል። አስተዋይ ገበሬ በአንድ ማሳ አንድ እህል ብቻ አይዘራም፤ ጤፉን ዋግ ቢመታው ማሽላው እንዲያወጣው ያስባል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ብሂልም የሚሠራው ድሩ ብዙ ሲሆን ነው። አንድ በአንድ እየመዘዝን ካሳነስነው፣ የቀረው ክር የሚያስረው ነገር የለም። ይህ ነገር ለቀይ ባሕርም ሩቅ አይደለም። በ2023 መጀመሪያ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ የባሕር ጃርቶች በጅምላ ሞተዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ አረም የሚግጡት ዓሦች መኖርና አለመኖር የኮራሉን ዕጣ ይወስናል።

ሁለተኛው ምክንያቴ ከሙቀት ጋር የተያያዘ ነው። የባሕር ውሃ ሙቀት ከተለመደው ከፍተኛ መጠን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ በልጦ ለሳምንታት ከቆየ፣ ፖሊፖቹ አብረዋቸው የሚኖሩትን አልጌዎች ከሰውነታቸው ያስወጣሉ። አልጌዎቹ ሲወጡ ቀለሙም አብሮ ይጠፋል፤ ኮራሉ እንደ አጥንት ይነጣል። የነጣ ኮራል ወዲያው አልሞተም፤ ተርቧል። ሙቀቱ ቶሎ ከበረደ ሊያገግም ይችላል፤ ከዘገየ ግን ይሞታል። ብዙ የዓለም ክፍሎችን ያዳረሰ መንጣት በ1998፣ በ2010፣ ከ2014 እስከ 2017፣ እንደገናም ከ2023 ጀምሮ ታይቷል። ከ2009 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት ብቻ ከዓለም ሕያው ኮራል ከመቶ 14 እጅ የሚሆነው ጠፍቷል።

በዚህ ሁሉ መካከል የሰሜን ቀይ ባሕር ኮራሎች ልዩ ጠባይ ታይቶባቸዋል። ተመራማሪዎች ከአቃባ ባሕረ ሰላጤ የተወሰዱ ኮራሎችን፣ በዚያ ከሚታወቀው የሐምሌና የነሐሴ ሙቀት በሚበልጥ ውሃ ውስጥ ለሳምንታት አቆይተዋቸው ብዙዎቹ ሳይነጡ ቀርተዋል። ለዚህ የሚሰጡት ማብራሪያ በጣም ያስደንቃል። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን የዓለም ባሕሮች ወለል እጅግ ስለ ወረደ፣ የቀይ ባሕር ውሃ ጨውነቱ በርትቶ ለኮራል የማይመች ሆነ። በኋላ የባሕሩ ወለል ሲነሣ፣ የኮራል እጮች ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነሥተው በባብ ኤል መንደብ በር በኩል ገቡ፤ ወደ ሰሜን ለመድረስም በጣም ሞቃት በሆነው በደቡብ ቀይ ባሕር ማለፍ ነበረባቸው። ሙቀት የማይችሉት በመንገድ ቀሩ፤ የሚችሉት አልፈው ቀዝቀዝ ባለው ሰሜን ሰፈሩ። የደቡቡ ባሕር እንደ ወንፊት አበጠራቸው ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ ጠባይ ለመዘናጋት ምክንያት ሊሆን አይገባም። በማዕከላዊ ቀይ ባሕር በ2010ም በ2015ም ኮራሎች ነጥተዋል። ሙቀት የሚችል ሁሉ መርዝ ይችላል ማለትም አይደለም። ከፋብሪካና ከቤት የሚወጣ ፍሳሽ፣ ከመርከብ የሚፈስ ዘይት፣ ለሆቴል ሥራ ወደ ባሕር የሚገፋ አፈር፣ ከልክ ያለፈ ዓሣ ማጥመድ፣ ይህ ሁሉ ሙቀትን ያሸነፈውን ኮራል ሊገድለው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ተቃዋሚዎቹ፣ «የምድር ሙቀት በዓለም ሁሉ እየጨመረ ነው፤ አንድ ወደብ ወይም አንድ አገር የሚያደርገው ጥበቃ ምን ይፈይዳል?» ይላሉ። በከፊል እውነት አላቸው። የነዳጅና የድንጋይ ከሰል ጢስ ካልቀነሰ በስተቀር የኮራል መከራ አያበቃም፤ ይህም የዓለም መንግሥታት ሁሉ ሥራ ነው። ዳሩ ግን በሁለት በሽታ የተያዘ ሰው አንዱ መድኃኒቱ ሩቅ ነው ተብሎ ሁለተኛው ሳይታከም አይተውም። እንዲያውም ቅርብ ያለው በሽታ ከታከመለት ሩቁን የሚቋቋምበት አቅም ያገኛል። ሙቀቱ እስኪገታ ድረስ ኮራሎቹን በሕይወት ለማቆየት፣ በእጃችን ያለውን ጉዳት ማስወገድ ግድ ነው።

አስቀድሞ መከላከል የሚቻል መሆኑን ሳፈር የተባለችው መርከብ ታሪክ ያስረዳል። ይህች አሮጌ መርከብ ከ1.1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ ነዳጅ እንደ ያዘች በየመን የቀይ ባሕር ዳርቻ ታስራ ትኖር ነበር። ከ2015 ወዲህ በጦርነት ምክንያት ጥገናዋ ተቋረጠ፤ ሰውነቷ ዛገ፤ ልትሰበር ወይም በእሳት ልትጋይ እንደምትችል በየዓመቱ ይነገር ጀመር። ነዳጁ ቢፈስ ኖሮ ለማጽዳት ብቻ ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር ሊያስፈልግ እንደሚችል ተገምቶ ነበር። ከብዙ ድርድር በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ገንዘብ አሰባስቦ፣ በሐምሌና በነሐሴ 2023 ነዳጁን ወደ ሌላ መርከብ አስገለበጠ። ለዚህ የወጣው ወጪ ከጥፋቱ ግምት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

በዓመቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ታየ። ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ በየካቲት 2024 በጦር መሣሪያ ተመታች፤ ወደ 21,000 ቶን የሚሆን ማዳበሪያ እንደ ጫነችም በመጋቢት መጀመሪያ በደቡብ ቀይ ባሕር ሰጠመች። ማዳበሪያ በማሳ ላይ በረከት ነው፤ በኮራል ባሕር ውስጥ ግን የሚያለመልመው አረሙን ነው። ሁለቱን መርከቦች አስተያዩ። ለአንዷ የሰው ብልሃት ቀደመላት፤ ለሌላዋ የሰው ጠብ ቀደመባት።

ሌላው ተቃውሞ የኑሮ ነው። «ለኮራል ሲባል ዓሣ አጥማጁ ይራብን? ሠራተኛው ሥራ ይጣን?» የሚሉ አሉ። ይህ ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ስለሆነ ሊናቅ አይገባውም፤ ጥበቃ አንዳንድ ጊዜ በእርግጥ ዋጋ ያስከፍላል። በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ፣ በኤላት፣ በባሕሩ ውስጥ በተተከሉ መረቦች ዓሣ ይረባ ነበር። የዓሦቹ ኩስና የመኖ ትራፊ ውሃውን ይበክላል በሚል ብዙ ክርክር ተደርጎ፣ መረቦቹ በ2008 ተነሥተው አለቁ። ሥራቸውን ያጡ ሰዎች ኀዘን እውነተኛ ነበር። ስለዚህ ጥበቃን የሚያዝዝ ሁሉ ኑሮው ለሚነካበት ሰው መተዳደሪያ ማሰብ አለበት፤ ይህን የማያስብ ጥበቃ ፍትሕ የጎደለው ነው።

ቢሆንም ጥበቃና ኑሮ ሁልጊዜ ጠላቶች አይደሉም። በኬንያ ጠረፍ ኩሩዊቱ በተባለ ስፍራ የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች፣ የሚይዙት ዓሣ ከዓመት ወደ ዓመት ማነሱን ባዩ ጊዜ፣ በ2000ዎቹ አጋማሽ ከባሕራቸው አንዱን ክፍል ማንም እንዳያጠምድበት በራሳቸው ስምምነት ዘጉት። መጀመሪያ ላይ በመካከላቸው ክርክር ነበር። በተዘጋው ስፍራ ዓሣው ሲበዛ ግን ከወሰኑ እያለፈ ወደ ሌላው ክፍል መውጣት ጀመረ። በግብፅ በሁርጋዳ አካባቢም ጎብኚ የሚያመላልሱ ጀልባዎች በኮራል ላይ መልሕቅ ከመጣል ይልቅ የሚታሰሩባቸው ቋሚ ማሰሪያዎች ተተክለዋል። ጀልባው ሥራውን አላቆመም፤ የተለወጠው የሚታሰርበት መንገድ ብቻ ነው። ሱዳንም በ1990 የሳንጋኔብን የኮራል አለት ብሔራዊ ፓርክ አድርጋ ከልላለች፤ ስፍራው በ2016 ከዱንጎናብ ባሕረ ሰላጤና ከሙካዋር ደሴት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መመዝገቡ ብቻውን ግን ኮራል አያድንም፤ ሰላምና ጠባቂ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ፤ እኛን ምን አገባን? የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ የሚመላለሰው በጅቡቲ ወደብ በኩል ነው። የምንጽፍበት ወረቀት፣ መኪናችን የሚነዳበት ነዳጅ፣ ገበሬያችን የሚበትነው ማዳበሪያ፣ ከዚህም ብዙው ወደ እኛ የሚደርሰው ቀይ ባሕርን ወይም የኤደንን ባሕረ ሰላጤ አቋርጦ ነው። ዘይት የሚያንጠባጥበው መርከብ የጫነው ጭነት የእኛ ሊሆን ይችላል። በጎረቤቱ መንገድ ዕለት ዕለት እየተመላለሰ፣ «መንገዱ ቢበላሽ የእኔ ጉዳይ አይደለም» የሚል ሰው መልካም ጎረቤት አይባልም። ባሕር የሌለን ነን እንጂ በባሕር የማንጠቀም አይደለንም።

«ታዲያ እኛ ተማሪዎች ምን እናድርግ?» ትሉ ይሆናል። ዛሬ ኮራልን በእጃችሁ ልትጠብቁ አትችሉም። ነገር ግን ከእናንተ መካከል ነገ የመርከብ መኮንን፣ የትራንስፖርት ሠራተኛ፣ የሕግ ባለሙያ፣ የባሕር ሳይንስ ተመራማሪ የሚሆን አለ። የመርከብ ቆሻሻ የት እንደሚጣል የሚወስነው፣ ጭነት በምን ዓይነት መርከብ እንደሚጓጓዝ ውል የሚዋዋለው፣ ከጎረቤት አገሮች ጋር ስለ ባሕሩ ጥበቃ የሚመክረው የእናንተ ትውልድ ነው። ያን ጊዜ ኮራል ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው ስለ ኮራል በትክክል ሊወስን አይችልም። እስከዚያም ድረስ በምታውቁት ሐይቅና ወንዝ ላይ ዓይናችሁን አሠልጥኑ፤ ምን ዓይነት ዓሣ፣ ምን ዓይነት ወፍ፣ ምን ዓይነት ተክል እንደ ነበረና አሁን የትኛው እንደ ቀረ ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ጃማይካን የጎዳት የሚጎድለውን በጊዜው የሚቆጥር ሰው ማነሱ ነበር።

በደናክል ዳርቻ ያሉት ኮራሎች የሞቱት ምድር ራሷን ስትለውጥ ነው፤ ያን ጊዜ ማንም ሊያድናቸው አይችልም ነበር፤ ማንም አይጠየቅበትም። ዛሬ በቀይ ባሕር ያሉት ግን ቢሞቱ የሚጠየቅበት አለ። የሚጎዳቸው ምን እንደ ሆነ ታውቋል፤ ብዙውን ጉዳት ማስቀረት እንደሚቻልም በሳፈር፣ በኩሩዊቱና በሁርጋዳ ታይቷል። እያወቁና እየቻሉ አለማድረግ፣ ካለማወቅና ካለመቻል የከፋ ጥፋት ነው። ስለዚህ ቅጠሉ በእጃችን ሳለ፣ እሳቱም ገና ትንሽ ሳለ፣ ማጥፋት ይገባናል እላለሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?